«ራዲዮ ትሰማለህ?» ብለህ አትጠይቅ

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂው ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦ «አባቴ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ አለው። ለኤፍ ኤም ማስታወቂያ በየወሩ ይከፍላል። እኔ ብሩን ወደ ቴሌግራምና ቲክቶክ እናዙረው እላለሁ። ጓደኞቼን ብጠይቅ ራዲዮ የሚሰማ አንድም ሰው የለም። አባቴ ግን ‹ሰው ይሰማል› ብሎ ድርቅ ይላል። እውነት አሁን ኤፍ ኤም የሚሰማ አለ? የሱቁ ራዲዮ ራሱ እኮ እየተንሿሿ ምንም አይሰማም።»

ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ከራዲዮ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። የሥራ ዘመኔን ግማሽ ማስተላለፊያ ጣቢያና ስቱዲዮ ውስጥ ሽቦ ስጎትት፣ ሌላውን ግማሽ የአየር ሰዓት ስሸጥ ነው ያሳለፍኩት። ለራዲዮ ባደላ አይግረምህ። ይህን እያወቅክ አንብብ።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ይሰማል። አንተ የጠየቅካቸው ሰዎች አይሰሙም። አባትህ የሚሸጡላቸው ሰዎች ይሰማሉ። የማትግባቡት የምታወሩት ስለተለያየ ሰው ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ረጅሙ ልግባ።

«ራዲዮ ትሰማለህ?» ብለህ ሰው ስትጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው። «ኧረ እኔ አልሰማም» ይልሃል። አልዋሸህም። ራዲዮ መስማት ማለት ለእሱ ቁጭ ብሎ፣ ጆሮ ሰጥቶ፣ ሌላ ነገር ሳይሠሩ ማዳመጥ ነው። አባቶቻችን እንደዚያ ይሰሙ ነበር። ማታ ማታ አጭር ሞገድ ላይ የጀርመን ድምፅን ሲፈልጉ ቤቱ ጸጥ ይላል። የዶቼ ቬለ የአማርኛው ክፍል የተጀመረው በ1957 ዓ.ም ነው፤ እኔ ልጅ ሳለሁ በዚያ ሰዓት የሳለ ሰው ይገላመጥ ነበር። እንደዚያ ያለው አድማጭ በእርግጥ ተመናምኗል። ይህን አልክድም።

ባለፈው ወር ቀበሌ 14 አካባቢ ፀጉሬን ልቆረጥ ገባሁ። መስታወቱ ሥር አንዲት ትንሽ ራዲዮ ተቀምጣለች። አንቴናዋ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ ተቀጥሏል። ሽቦው የመስኮቱ ብረት ላይ ታስሯል። የጣቢያ ቁጥሮቹ ያሉበት ፕላስቲክ ላይ፣ 97 ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ በቀይ ኩቴክስ የተሰመረ ጭረት አለ። «ይቺ ምንድነች?» አልኩት። «ልጆች ሲነካኩት ቦታው እንዳይጠፋብኝ ነው» አለኝ። ጭረቱ 96.9 ላይ ነው። አማራ ኤፍ ኤም ባሕር ዳር።

«ታዲያ ራዲዮ ትሰማለህ ማለት ነው?» አልኩት። «አይ፣ እኔ አልሰማም። ዝም ብሎ ነው የሚጮኸው» አለኝ። ጎኔን ሳይጨርስ ግን ትናንት ማታ እንግሊዝ ላይ ማን ስንት ለስንት እንዳሸነፈ ነገረኝ። ቀጥሎ የትኛው መንገድ ለጥገና እንደሚዘጋ ነገረኝ። «ከየት ሰማህ?» ስለው ራዲዮኗን በአገጩ ጠቆመኝ። እጁ ማሽን ይዟላ።

ይህ ሰውዬ በአንተ ጥናት ውስጥ ቢገባ «የማይሰማ» ተብሎ ነው የሚመዘገበው። የኩቴክስ ምልክት ያደረገ ሰው!

ለዚህ ነው በሙያው ያለን ሰዎች «ትሰማለህ ወይ?» የማንለው። ትናንትን ነው የምንጠይቀው። ትናንት ጠዋት ከቤት ስትወጣ ምን ተሳፈርክ? ውስጡ ምን ተከፍቶ ነበር? ቁርስ የት በላህ? ሥራ ቦታ ማን ምን ከፈተ? ሰውየው ቀኑን በሰዓት በሰዓት ሲያስታውስ ራዲዮው ከየጥጉ ብቅ ብቅ ይላል። ባለፈው ሳምንት ብለህ ከጠየቅከው ግን ረስቶታል። ጓደኞችህንም እንደዚህ ብለህ ድጋሚ ጠይቃቸው። ጥቂቶቹ ይገርሙሃል። የቀሩት ግን እውነትም አይሰሙም፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ዛሬ የኤፍ ኤም አድማጭ ማን ነው ብትለኝ፣ እጁ የተያዘ ሰው ነው እልሃለሁ። ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ የጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ የሚኒባስ ሹፌሩ። ቪዲዮ ዓይን ይፈልጋል። ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ቆሞ ቲክቶክ አያይም። ቢያይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ነው የአባትህ ነገር የሚመጣው። የሕንጻ መሣሪያ የሚገዛው ማን ነው? ባለቤቱ ይከፍላል እንጂ የሚመርጠው እሱ አይደለም። «ይሄኛው ቀለም ይሻላል»፣ «ምስማሩን ከእገሌ ሱቅ አምጣ» የሚለው ግንበኛው፣ አናጺው፣ ቧንቧ ሠራተኛው ነው። እስኪ ፎቅ የሚወጣበት አንድ ቦታ ሂድ። ፌሮ የሚያስሩት ልጆች አጠገብ አንድ ስልክ ባልዲ ውስጥ ተቀምጦ ታገኛለህ። ኢርፎን ተሰክቶበታል፣ ግን ጆሮው ላይ ያደረገው ሰው የለም። ገመዱ አንቴና ነው። ድምፁ በስፒከር ይወጣል፣ ባልዲው ያጎላዋል። አንድ ስልክ፣ ዙሪያውን ስድስት ሰባት ሰው። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው አንድ ሰው ነው። እዚህ ግን አንድ የተከፈተ ራዲዮ ስንት ጆሮ እንዳለው ማንም አይቆጥርም።

ጥበቃዎችንም አትርሳ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከተማው ሲተኛ ራዲዮ የሚሰማው ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ዝም ብሎ ጥበቃ እንዳይመስልህ። ግንባታ ቦታ ላይ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደቀረ፣ ቆርቆሮ የት እንደረከሰ ከፎርማኑ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። የሌሊት የአየር ሰዓት ደግሞ እንደ ጠዋቱ አይወደድም። ነጋዴ ሁሉ ጠዋቱን ሲሻማ ይሄ ክፍት ሆኖ ያድራል።

ባጃጅ ላይ ግን እንዳትታለል። የአየር ሰዓት ሻጮች (እኔም ብዬዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ) «ከተማው ሙሉ ባጃጅ ነው፣ ባጃጅ ሁሉ ራዲዮ ነው» ይሉሃል። ወጣቱ ሹፌር ፍላሽ ነው የሚሰካው። የራሱ ዘፈን አለው። ባለፈው ሳምንት ከፔዳ ወደ ገበያ በሦስት ባጃጅ ተመላለስኩ። አንዱ ፍላሽ፣ አንዱ ጸጥ፣ አንዱ ራዲዮ። ራዲዮ የከፈቱት ጎልማሳው ናቸው። የኳስ ቀን ሲሆን ግን ፍላሹ ይነቀላል። ፍላሽ የዛሬን ጨዋታ አያውቅም።

መኪና ካነሳን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ከጃፓን ገበያ የመጣ መኪና ላይ የተገጠመ ራዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚይዝ ሊሆን ይችላል። የእኛ ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ 96.9 ከነጭራሹ እዚያ ራዲዮ ላይ የለም። ባለቤቱ «የባሕር ዳር ራዲዮ አይሰራም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄዶ ከአንቴናው ገመድ ጋር የምትገጠም ትንሽ መቀየሪያ ቢያስገባ ይፈታል። መቀየሪያዋ 20 የምትቀንስ ከሆነች ራዲዮው 76.9 እያለ 96.9ን ያሰማሃል። በዚህች ምክንያት ብቻ ፍላሽ ሰኪ ሆነው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጓደኞችህ። ተማሪው፣ የካፌው ልጅ፣ ቢሮ የሚሠራው ወጣት ከኤፍ ኤም ወጥቷል። ሁሉም ሰው ጥፋቱን ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምከሰው የኢርፎን ቀዳዳውን ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ርካሽ ስልክ የገዛ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ራዲዮ ገዝቷል። ኢርፎኑን ሲሰካ ኤፍ ኤም ይከፈታል። የኢርፎኑ ገመድ አንድ ሜትር ምናምን ይረዝማል፣ ለኤፍ ኤም ሞገድ ጥሩ አንቴና ነው። ከዚያ ክብ ቀዳዳ የሌላቸው ስልኮች መጡ። ገመድ አልባው ኢርፎን መጣ። ብሉቱዝ ደግሞ አንቴና አይሆንም። ስልኩ ውስጥ የመቀበያው ቺፕ ቢኖር እንኳ ገመድ ከሌለ የሚያነሳው ነገር የለም። አይፎኖች ደግሞ ጭራሽ አይከፍቱም። ልጆቹ ራዲዮን ጠልተው አይደለም የተዉት። አንድ ቀን ስልክ ቀየሩ፣ ራዲዮው አብሮ ቀረ።

«ታዲያ በኢንተርኔት ይሰማላ» ትለኝ ይሆናል። ሒሳቡን እንሥራ። ዝቅ ባለው ጥራት፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሚባለው፣ አንድ ሰዓት ራዲዮ ወደ 29 ሜጋባይት ይበላል። ጥራቱ 128 ከሆነ ወደ 58። ልብስ ሰፊዋ በቀን 8 ሰዓት ብትከፍት በዝቅተኛው እንኳ 230 ሜጋ አለቀ። በወር 26 ቀን ብትሠራ ወደ 6 ጊጋ ነው። ለጀርባ ድምፅ 6 ጊጋ የሚከፍል ሰው የለም። ኤፍ ኤም ዜሮ ነው የሚበላው። ለጣቢያውም እንደዚያው ነው፤ አንድ ሰው ቢሰማ መቶ ሺህ ሰው ቢሰማ የማስተላለፊያው የመብራት ቆጣሪ አይጨምርም።

አንዳንዱ ደግሞ «አውሮፓ ኤፍ ኤምን ዘግቷል፣ እኛ ጋም ያልቅለታል» ይላል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም አውጥታ ወደ ዲጂታል አሻግራለች። የአካባቢ ጣቢያዎቹ ግን ኤፍ ኤም ላይ ቀጥለዋል። የሄዱትም ወደ ሌላ ዓይነት ራዲዮ ነው። ሰው አዲስ መቀበያ መግዛት ነበረበት። እዚህ ማን ይገዛል? ይለፈን።

ሐይቁ። ይህን ማንሳት የፈለግኩት አባትህ የሚከፍሉት ለየትኛው አካባቢ እንደሆነ እንዲያውቁ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ሰማይ ነክቶ አይመለስም። እንደ ዓይን በቀጥታ ነው የሚሄደው። አንቴናው ከአካባቢው 100 ሜትር ከፍ ቢል፣ ለጥ ባለ ቦታ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። ከፍታውን አራት እጥፍ ብታደርገው ርቀቱ እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ለዚህ ነው ማስተላለፊያ ሁልጊዜ ተራራ ላይ የሚወጣው። ጣና ደግሞ ከደቡብ እስከ ሰሜን 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር የተነሳ ሞገድ ዘጌ ላይ ጥርት ብሎ ሲሰማ፣ ወደ ጎርጎራ እየተጠጋህ ስትሄድ እየሳሳ ይመጣል። በየብስ ግን ኮረብታ ካለ ሃያ ኪሎ ሜትር ላይም ሊጠፋ ይችላል። ጉብታው ላይ ያለው ጎረቤት ይሰማል፣ ሸለቆ ውስጥ ያለው አይሰማም።

ውኃ ላይ ሌላ ጉድ አለ። ሞገዱ በቀጥታም ይመጣል፣ ከውኃው፣ ከዳርቻውና ከጀልባው ብረት ላይ ነጥሮም ይመጣል። እነዚህ ሲገናኙ አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ይጠፋፋሉ። የ96.9 ሞገድ 3 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው ራዲዮውን አንድ ሜትር ፈቀቅ ስታደርገው ድምፁ ሊመለስ ይችላል። የሞተር ጀልባ ነጂዎች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ከዘጌ አብሬው የተመለስኩ አንድ ነጂ ራዲዮኑን በፌስታል ጠቅልሎ ሁልጊዜ አንዲት ሚስማር ላይ ነው የሚሰቅለው። «ከእሷ ሚስማር ሌላ ቦታ አይናገርም» አለኝ። ጀልባው ቢዞርም እሷን አይለቅም። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ መካከለኛ ሞገድ የሚሰማ ሰው ጆሮው ይደነቁራል። ኤፍ ኤም ብዙም አይነካውም፤ መብረቅ የሚረብሸው የሞገዱን ጉልበት ነው፣ በኤፍ ኤም ድምፁ የተጫነው ግን በድግግሞሹ ላይ ነው።

ስለ መቋረጥም አንድ ሁለት ቃል። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ የት እንደነበርክ ታስታውሳለህ። ቴሌግራም ቻናል ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነጋዴ በአንድ ሌሊት ድምፁ ጠፋ። ራዲዮ ግን ይናገር ነበር። መብራት ሲጠፋም ያው ነው። ሁለት ባትሪ ድንጋይ ካለህ ትሰማለህ። ድንጋዩ ሲደክም እናቴ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር፣ ለአንድ ማታ ነፍስ ይዘራል። ይህን የምነግርህ ራዲዮን ለማወደስ አይደለም። ሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ አታድርግ ለማለት ነው።

የራዲዮው ጥራት ወርዷል የሚል ቅሬታ ካለህ እስማማለሁ። ፕሮግራሞች ሳስተዋል። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ሲወጣ፣ ብዙ የስፖርትና የመዝናኛ ፕሮግራም ዋና ስፖንሰሩን አጣ። ሕጉ ልክ ነው እላለሁ። የጣቢያዎቹ ኪስ ግን ተጎድቷል። ለአባትህ ይህ መደራደሪያ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የሚከፍል የታወቀ ነጋዴ ዛሬ ከድሮው ይልቅ ይፈለጋል። ቅናሽ ይጠይቁ። ቅናሽ ባይሰጡ ተጨማሪ የሌሊት ሰዓት ይጠይቁ።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ራሱ። የአባትህን አልሰማሁትም፣ ግን ምን እንደሚመስል ልንገርህ? ከኋላ የሠርግ የሚመስል ሙዚቃ አለ። አንድ ሰው ይጮሃል። «ጥራታቸውን የጠበቁ»፣ «በተመጣጣኝ ዋጋ»፣ «በጅምላና በችርቻሮ»። መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር በሩጫ፣ ሁለት ጊዜ። ገመትኩ?

እጁ የተያዘ ሰው ስልክ ቁጥር አይጽፍም። ሲሚንቶ እያቦካ ማን ይጽፋል? የሚይዘው ቦታ ነው። «ከአደባባዩ ወደ ገበያ ስትወርድ በስተቀኝ፣ ሰማያዊው በር» በለው። ሰማያዊ በር ከሌላችሁ ቀቡት፤ ቀለም እንደሆነ አላችሁ። ከዚያ አንድ ዕቃ ብቻ ጥቀስ። ሁሉም አለን ያለ ሱቅ ምንም የለውም ማለት ነው፣ በጆሮ ሲሰማ። ዋጋ መናገር ከቻላችሁ ተናገሩ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ተቀርጾ የተቀመጠ ስፖት አይሆንም፤ አዘጋጁ በቀጥታ ስርጭት ወረቀት ይዞ ያንብበው። በቀጥታ የተነበበ ነገር ሰው ከወሬው ለይቶ አያየውም። እንደ ዜና ይሰማዋል።

ሰዓት ላይ እኔ ራሴ ተሳስቼ አውቃለሁ። የዓሣ መረብ የሚሸጥ ሰው መጣልኝ። ውድ የሆነውን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ያለውን አስያዝኩለት። ጥሩ ሰዓት ነው ብዬ። አንድ ሰው አልመጣም። ሰውየው ተናደደ፣ እኔም አፈርኩ። በኋላ ወደ ዳር ወረድኩና አየሁ። በዚያ ሰዓት ዓሣ አጥማጁ ያደረ መረቡን አውጥቶ፣ ዓሣውን አውርዶ ከነጋዴ ጋር ዋጋ እየተጨቃጨቀ ነው። ማን ራዲዮ ይሰማል? መረቡን ጥሎ የሚመለሰው ሲመሽ ነው። ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አዛወርነው። ዋጋውም ቀነሰ፣ ሰውም መጣ። ግንበኛ ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ ባልዲው ውስጥ ያለው ራዲዮ ይከፈታል። የቢሮ ሰው የሚሰማበትን ሰዓት ለቢሮ ሰው ተዉለት።

ይህን ሁሉ ግን አትመነኝ። ለካው። አንድ ደብተር ባንኮኒው ላይ አስቀምጥ። አዲስ ገዢ ሲመጣ አባትህ «ማን ላከህ?» ይበሉት። «ከየት ሰማህ?» አይበሉ፣ ሰው ፈተና ይመስለዋል። ግንበኛው ልኮኝ ነው ካለ የግንበኛውን ስም ይጻፉና ሲመጣ እሱን ይጠይቁት። ራዲዮ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሁለተኛ እጅ ነው። ሌላ ዘዴም አለ። ራዲዮው ላይ «ሰማያዊው በር ብላችሁ ስትመጡ አንድ ብሩሽ በነጻ» አስብል። ይህን ቃል ቴሌግራም ላይ አትጻፈው። ቃሉን ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ የመጣው ከራዲዮ ነው። አንድ ወር አይበቃም፣ ሁለት ወር ያዝ። ክረምት ላይ አትሞክር፣ ግንባታ ስለሚቀዘቅዝ ራዲዮው ያለጥፋቱ ይወቀሳል። ከጥቅምት በኋላ ጥሩ ነው።

ቴሌግራሙን አትተወው። የቀለም ዓይነት፣ የሴራሚክ ፎቶ፣ የዕቃው ሁሉ የዋጋ ዝርዝር በድምፅ አይነገርም። ግንበኛው ራዲዮ ላይ ስማችሁን ይሰማል፣ ባለቤቱ ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ያያል። እኔ ብሆን ከወሩ የራዲዮ ክፍያ ሲሶውን ቀንሼ ቴሌግራሙን በሥርዓት ለሚይዝና ለጥያቄ ቶሎ ለሚመልስ ሰው እከፍለው ነበር። ያ ሰው አንተ ልትሆን ትችላለህ። ቲክቶኩን ግን እንጃ። አዳማ ያለ ሰው ልብ ይሰጥሃል፣ ምስማር ግን አይገዛህም።

የሱቁ ራዲዮ ስለሚንሿሿው። ምን ውስጥ እንዳስቀመጣችሁት ልገምት? ከኋላ፣ ቆርቆሮና ቧንቧ ከተደረደረበት መሀል። ብረት ሞገድ አያሳልፍም። መጀመሪያ ወደ በሩ አምጣው። ከርካሽ ቻርጀርና ከኤል ኢ ዲ አምፖል አርቀው፣ እነሱም ያንሿሹታል። ከዚያ ከመደርደሪያችሁ 77 ሳንቲ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቁረጥ። የ96.9 ሞገድ ርዝመት ሩብ ማለት ነው። ጫፉን ልጠህ አንቴናው ላይ ጠምጥመው፣ ሌላውን ጫፍ ብረት ሳይነካ ወደ ላይ ስቀለው። ሲጠራ አባትህ ማስታወቂያቸውን ራሳቸው ይስሙ። በተሰማ ቁጥር ሰዓቱን ደብተሩ ላይ ይጻፉ። ወሩ ሲያልቅ ከከፈሉበት ቁጥር ጋር ያስተያዩት። ካነሰ የጎደለውን ያስተላልፉላቸው ዘንድ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ።